ብዛትና ልክ፦ መጠንንና ትርፍን የሚያመለክቱ የእንግሊዝኛ ቃላት በአማርኛ ስለሚፈቱበት መንገድ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንድ በኩል ራሱን ችሎ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ሌሎቹ የትምህርት ዓይነቶች የሚሰጡበት መሣሪያ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋዎች እንዲሰጥ ሲደነግግ፣ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወስኗል። በመሆኑም አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በተሳሳተ ፍች ከተማሪው አእምሮ ከገባ፣ ጉዳቱ በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ተወስኖ አይቀርም፤ ወደ ባዮሎጂው፣ ወደ ኬሚስትሪውና ወደ ኢኮኖሚክሱ ክፍል ተሻግሮ ይሄዳል።

እንደሚታወቀው መምህራን አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቁት ለረጃጅሞቹና ለአዳዲሶቹ ቃላት ነው። «ፎቶሲንተሲስ» የሚለው ቃል በሰሌዳው ላይ ሲጻፍ መምህሩም ይጠነቀቃል፣ ተማሪውም እንግዳ ቃል መሆኑን ያውቃል። በአንጻሩ ግን «ቱ»፣ «ቬሪ»፣ «መች»፣ «ፊው»፣ «ኢነፍ» የሚባሉት ትናንሽ ቃላት ከታችኞቹ ክፍሎች ጀምረው የሚታወቁ ስለሚመስሉ ማንም አይጠይቅባቸውም። አንድ ጊዜ በደብተር ጠርዝ ላይ «ቱ፦ በጣም»፣ «ፊው፦ ጥቂት»፣ «ኤክሰስ፦ ትርፍ» ተብለው ይጻፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ተመልሶ የሚመረምራቸው የለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን በሁለት ዓምድ የሚዘጋጅ የቃላት ዝርዝር መመርመርና መተቸት ነው። የሂሱ ፍሬ ነገር በአጭሩ ሲገለጽ እንደሚከተለው ነው። እንግሊዝኛ ስለ ብዛት ሲናገር ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በተለያዩ ቃላት ይገልጻል። አንደኛው መጠኑ ምን ያህል እንደ ሆነ መናገር ነው። ሁለተኛው ያንን መጠን ከአንድ ልክ ወይም ከአንድ ፍላጎት ጋር ማስተያየት ነው። ሦስተኛው ከልኩ ወዲያ ስለ ቀረው ነገር ፍርድ መስጠት፣ ማለት ጠቃሚ ነው፣ ጐጂ ነው፣ ወይም ከንቱ ነው ማለት ነው። የሁለት ዓምዱ ዝርዝር እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ያደባልቃል።

1. «ቬሪ»ና «ቱ»

«ቬሪ» የሚለው ቃል ጥንት ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ «እውነተኛ» ማለት ነበር። ቀስ በቀስ የነገሩን ብርታት ማጠንከሪያ ሆነ። ዛሬም የሚሠራው ያንኑ ሥራ ብቻ ነው፤ ነገሩን ያበረታል እንጂ ስለ ልክ የሚለው ነገር የለም። «ቱ» ግን ከሌላ ሥር የመጣ ነው። በአመጣጡ አቅጣጫን ከሚያመለክተው «ቱ» ጋር አንድ ቃል ሆኖ፣ በጽሕፈት የተለየው ወደ 16ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው። ይህ ቃል በቅጽል ፊት ሲገባ ሁልጊዜ አንድ ያልተነገረ ልክ ከጀርባው አለ። የልኩ ባለቤት ሰው ሊሆን ይችላል፣ ሥራ ሊሆን ይችላል፣ ሕግም ሊሆን ይችላል።

የአማርኛው «በጣም» ግን ለሁለቱም ያገለግላል። «ውሃው በጣም ሙቅ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለሻይ የቀረበ ከሆነ ምስጋና፣ ለሕፃን መታጠቢያ የቀረበ ከሆነ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። የትኛው እንደ ሆነ ለሰሚው የሚነግረው ቃሉ ሳይሆን ሁኔታው ነው። ከዚህ የተነሣ ተማሪው ሁለቱን የእንግሊዝኛ ቃላት እንደ አንድ ቃል ሁለት መልኮች ይቈጥራቸዋል፤ እንዲያውም «ቱ»ን የ«ቬሪ» ታላቅ ወንድም አድርጎ በማሰብ ደስታውን ወይም አድናቆቱን ሊያበረታ ሲፈልግ «ቱ መች ቢዩቲፉል» እስከ ማለት ይደርሳል። በዚህ አነጋገር ውስጥ ያሉት ስሕተቶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የትርጉም ነው፤ ውበቱ ልኩን ያለፈ፣ የማይፈለግ እንደ ሆነ ተነግሯል። ሁለተኛው የአገባብ ነው፤ «ቱ መች» ከስም በፊት እንጂ ከቅጽል በፊት አይገባም።

ስሕተቱ በንግግር ጊዜ ፈገግታ አስነሥቶ ያልፋል። ጉዳቱ ጐልቶ የሚታየው ግን በንባብ ጊዜ ነው። «ሂ ኢዝ ቱ ታየርድ ቱ ዎክ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ለምሳሌ እንውሰድ። በእንግሊዝኛው ውስጥ አንድም የአሉታ ቃል የለም፤ ትርጉሙ ግን አሉታ ነው፤ ሰውዬው ከመድከሙ የተነሣ መራመድ አልቻለም። «ቱ»ን «በጣም» ብሎ የተማረ ልጅ ግን «ለመራመድ በጣም ደክሞታል» በማለት ይፈታውና ተራመደ ወይስ አልተራመደም ተብሎ ሲጠየቅ ይወዛገባል። የአማርኛው አቻ የሚገኘው ዐረፍተ ነገሩ ተፈቶ «ከ…የተነሣ አል…» በሚለው ቅርጽ እንደገና ሲሠራ ነው። ቃል በቃል ተተክቶ አሉታው ካልተገለጸ ግማሹ ትርጉም በመንገድ ይቀራል።

በሳይንስ መጻሕፍት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። «ቱ መች ውሃ ያገኙ ተክሎች ይሞታሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር «ብዙ ውሃ ያገኙ ተክሎች ይሞታሉ» ተብሎ ከተፈታ ተማሪው የሚማረው ውሃ ተክልን እንደሚገድል ነው። እውነታው ግን ሌላ ነው፤ ውሃ አፈሩን ሞልቶ አየሩን ሲያስወጣ ሥሮች ኦክስጅን አጥተው ይበሰብሳሉ። በስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ስለሚገኘው ፍሎራይድ በሚሰጠው ትምህርትም እንዲሁ ነው። ጥቂት ፍሎራይድ ጥርስን ከመቦርቦር ይጠብቃል፤ ልኩን ሲያልፍ ጥርስን ያበልዛል፣ ብሶ ሲገኝ አጥንትን ይጐዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ የፍሎራይድ መጠን በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ትምህርቱ በሙሉ ያረፈው «መች» በሚለውና «ቱ መች» በሚለው መካከል ባለው ድንበር ላይ ነው። ድንበሩ ያልታየው ተማሪ የትምህርቱን ቍጥር ቢያስታውስ እንኳ ቍጥሩ የምን ልክ እንደ ሆነ አያውቅም።

በዚህ ቦታ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እንግሊዞቹም ራሳቸው «ቱ»ን እንደ «ቬሪ» የሚጠቀሙበት ጊዜ አለ። «ኖት ቱ ባድ» ሲሉ «ያን ያህል መጥፎ አይደለም» ማለታቸው ነው፤ «ኦንሊ ቱ ሃፒ» ሲሉም ደስታቸውን ማበርታታቸው ነው። በሕንድና በናይጄሪያ በሚነገረው እንግሊዝኛም «ቱ» የማበርታት ትርጉም ይዞ ይሰማል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በመማሪያ መጽሐፍ፣ በፈተና ወረቀትና በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው እንግሊዝኛ ልዩነቱን ይጠብቃል። ተማሪው ከጓደኛው ጋር ሲነጋገር ሳይሆን እነዚህን ሲያነብ ነው ልዩነቱ የሚያስፈልገው።

2. አማርኛ ልክ ማለፍን የሚገልጽበት መንገድ

በመምህራን ዘንድ አንዳንድ ጊዜ የሚሰማ አንድ አስተያየት አለ፤ ይኸውም «አማርኛ ለ‹ቱ› አቻ የለውም» የሚለው ነው። ይህ አስተያየት በጥሞና ሲመረመር ትክክል ሆኖ አይገኝም። አማርኛ የሌለው ቃሉን እንጂ አሳቡን አይደለም። አቻውን በቃላት መካከል የፈለገ አያገኘውም፤ በግሥ እርባታ ውስጥ የፈለገ ግን በየዕለቱ ንግግር ሲሠራበት ያገኘዋል።

ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን ጐን ለጐን ማስተያየት ይበቃል። «ወጡ ብዙ ጨው አለው» ሲባል መጠን ተነገረ። «ወጡ ጨው በዝቶበታል» ሲባል ግን ልኩ ማለፉ ተነገረ፤ ወጡም ተበላሸ። «ጫማው ትልቅ ነው» ገለጻ ነው፤ «ጫማው ሰፋኝ» ግን የእግሩን ልክ ጠቅሶ የተሰጠ ፍርድ ነው። እንዲሁም «ሸክሙ ከበደው»፣ «ስብሰባው ረዘመብን»፣ «ፀሐዩ በረታባቸው»፣ «መንገዱ ራቀባት»፣ «መሸብኝ» የሚሉት ሁሉ በእንግሊዝኛ «ቱ» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። ልኩን የሚሸከመው በግሡ መጨረሻ ላይ የሚገባው ተሳቢ ወይም «በ»ን ያዘለው ቅጥያ ነው። ይህ ቅጥያ ልኩን ብቻ ሳይሆን የልኩን ባለቤትም ይናገራል። «ረዘመብን» ያለ ሰው ስብሰባው ለማን እንደ ረዘመ ተናግሯል፤ በእንግሊዝኛ ይህን ለመግለጽ «ፎር አስ» የሚል ተጨማሪ ሐረግ ያስፈልጋል።

ከዚህም በላይ አማርኛ እንግሊዝኛ በአንድ ቅጥያ የማይለየውን ይለያል። «ከብት በዛለት» ሲባል ብዛቱ በረከት ነው፤ «ሥራ በዛበት» ሲባል ብዛቱ ሸክም ነው። ግሡ አንድ ሆኖ ሳለ «ለ»ና «በ» ፍርዱን ይከፍሉታል። ተማሪው ይህን ልዩነት ከአፉ መፍቻ ቋንቋው ጋር አብሮ የጠባው በመሆኑ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክፍል ያለ ሕፃን እንኳ «ጨው በዛበት»ን «ጨው በዛለት» ብሎ አይሳሳትም። «ማርም ሲበዛ ይመራል» የሚለው ተረት የሚያስረዳው አሳብ ከ«ቱ» አሳብ ጋር አንድ ነው። እንግዲህ መምህሩ አዲስ አሳብ የማስተማር ሸክም የለበትም፤ የሚጠበቅበት ያለውን አሳብ ከአዲሱ ቃል ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። «ቱ» «በጣም» ነው ከማለት ይልቅ «ቱ ሶልቲ» ማለት «ጨው በዛበት»፣ «ቱ ሄቪ ፎር ሂም» ማለት «ከበደው»፣ «ቱ ሌት» ማለት «ረፈደ፣ መሸ» ማለት ነው ቢል ልዩነቱ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባል።

ይህ ዘዴ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «በ»ን ያዘለው ቅጥያ ሁልጊዜ ልክ ማለፍን አያመለክትም። «የተወለደበት አገር» ሲባል ቦታን፣ «የጻፈበት ብዕር» ሲባል መሣሪያን፣ «ላም ሞተችበት» ሲባል ጉዳትን ብቻ ያመለክታል። ልክ ማለፍን የሚገልጸው እንደ በዛ፣ ረዘመ፣ ራቀ፣ በረታ፣ መሸ ካሉ መጠንን ወይም ደረጃን ከሚናገሩ ግሦች ጋር ሲጣመር ነው። መምህሩ ምሳሌዎቹን ከእነዚህ መካከል ከመረጠ ተማሪው አይወናበድም።

የ«ቱ» ተጓዳኝ የሆነው «ኢነፍ»ም በዚሁ መንገድ ሊታይ ይገባዋል። «በቂ» የሚለው ፍች ትክክል ነው፤ ነገር ግን «በቂ» በአማርኛ አብዛኛውን ጊዜ ከስም ጋር ሲሄድ፣ «ኢነፍ» ከስምም ከቅጽልም ጋር ይሄዳል፤ ከቅጽል ጋር ሲሆን ደግሞ ከኋላ ይከተላል። «ኦልድ ኢነፍ ቱ ጎ ቱ ስኩል» ማለት «ለትምህርት የደረሰ» ማለት ነው። «ደረሰ»፣ «በቃ»፣ «ቻለ» የሚሉት ግሦች እዚህ ላይ ከ«በቂ» የተሻለ ያገለግላሉ።

3. የሚቈጠረውና የማይቈጠረው

ሁለተኛው የእንግሊዝኛ ልዩነት «ሜኒ»ንና «መች»ን፣ «ፊው»ንና «ሊትል»ን የሚለየው ነው። አማርኛ «ብዙ ሰው» እንደሚል ሁሉ «ብዙ ውሃ» ይላል፤ «ጥቂት ሰው» እንደሚል «ጥቂት ውሃ» ይላል። ከ«ብዙ» በኋላ ስሙ በነጠላ ሊቀር መቻሉም ተማሪውን «ሜኒ ስቱደንት» ወደ ማለት ይመራዋል። ይህ ግን በቶሎ ታይቶ በቶሎ የሚታረም ስሕተት ነው። ይበልጥ የሚያስቸግሩት በአማርኛ የሚቈጠሩ፣ በእንግሊዝኛ ግን የማይቈጠሩ ስሞች ናቸው። ምክር፣ መረጃ፣ ዜና፣ የቤት ዕቃ በአማርኛ «ምክሮች»፣ «መረጃዎች»፣ «ዜናዎች»፣ «ዕቃዎች» ይባላሉ፤ በእንግሊዝኛ ግን «ሜኒ» አይቀበሉም። ይህ በምክንያት የሚብራራ ስላልሆነ ስሞቹን በየጊዜው ከነአገባባቸው ማስጠናት እንጂ ሌላ መንገድ የለውም።

ከዚህ ይልቅ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው «ፊው» በሚለውና «ኤ ፊው» በሚለው፣ «ሊትል» በሚለውና «ኤ ሊትል» በሚለው መካከል ያለው ልዩነት ነው። የቃላቱ ዝርዝር አራቱንም «ጥቂት» ይላቸዋል። ነገር ግን «ኤ ፊው ስቱደንትስ ፓስድ» ሲባል ተናጋሪው ያለፉ መኖራቸውን ሲናገር፣ «ፊው ስቱደንትስ ፓስድ» ሲባል ግን የሚናገረው አብዛኞቹ አለማለፋቸውን ነው። ቍጥሩ በሁለቱም አንድ ሊሆን ይችላል፤ የተለየው ተናጋሪው የተመለከተበት አቅጣጫ ነው። አንድ ሪፖርት ላይ «ፊው ስኩልስ ሃቭ ላይብረሪስ» የሚለውን «ጥቂት ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት አሏቸው» ብሎ የፈታ የፕላን ሠራተኛ የችግር መግለጫውን ወደ ሥራ ውጤት መግለጫ ለውጦታል።

በዚህም ላይ አማርኛ የራሱ መንገድ አለው። ልዩነቱን በቃሉ ሳይሆን በቃሉ ቦታ ይገልጸዋል። «ጥቂት ተማሪዎች አልፈዋል» ሲል ለ«ኤ ፊው» ይቀርባል። «ያለፉት ተማሪዎች ጥቂት ናቸው» ሲል ግን «ጥቂት» የዐረፍተ ነገሩ ማሠሪያ ሆኖ ለ«ፊው» ይስማማል፤ «ብቻ» ሲጨመርበትም ይጠነክራል። ስለዚህ «ፊው፦ ጥቂት ናቸው» እና «ኤ ፊው፦ ጥቂት» ብሎ በቅርጽ ለይቶ ማስተማር ሁለቱንም «ጥቂት» ብሎ ከማለፍ ይሻላል።

«ሌስ»ንና «ፊወር»ን በተመለከተ ግን መምህራን ልከኛ መሆን ይገባቸዋል። ለሚቈጠር ነገር «ፊወር» ይሻላል የሚለው ደንብ የሚያያዘው እ.ኤ.አ. በ1770 ሮበርት ቤከር የተባለ እንግሊዛዊ በአንድ መጽሐፉ ላይ ከሰጠው አስተያየት ጋር ሲሆን፣ እርሱም ያቀረበው እንደ ጣዕም ምርጫ ነበር። ደንቡን በጽሕፈት መጠበቅ መልካም ነው። ሆኖም «ሌስ»ንና «ፊወር»ን ያደባለቀ ተማሪ መልእክቱን አላጠፋም፤ «ቱ»ንና «ቬሪ»ን ወይም «ፊው»ንና «ኤ ፊው»ን ያደባለቀ ግን አጥፍቶታል። ለሁለቱም እኩል ነጥብ የሚቀንስ አራሚ የአገባብን ውበት ከትርጉም ጋር አምታቷል።

4. «ትርፍ» የሚለው ቃልና ብዙዎቹ አቻዎቹ

እስከዚህ ድረስ የተነገረው አንድ የአማርኛ ቃል ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላትን ሲሸፍን ነበር። «ትርፍ» የሚለው ቃል ግን ከዚህ እጅግ ይሰፋል። ነጋዴው ያገኘው ትርፍ «ፕሮፊት» ነው። ገበሬው ከቀለቡና ከዘሩ በላይ ለገበያ ያወጣው ትርፍ ምርት «ሰርፕለስ» ነው። ተማሪው ለጓደኛው የሚያውሰው ትርፍ ብዕርና ሠራተኛው የሚያርፍበት ትርፍ ጊዜ «ስፔር» ናቸው። አውቶቡስ ላይ የተጫነው ትርፍ ሰው «ኤክሰስ» ነው። በድርሰት ውስጥ ያለ ትርፍ ቃል «ሱፐርፍሉየስ» ነው። ሐኪሙ የሚያወጣው ትርፍ አንጀት ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ውጭ የራሱ ስም አለው።

እነዚህን የሚያስተሳስራቸው «ተረፈ» የሚለው ግሥ ነው፤ ከሚፈለገው በኋላ የቀረ ሁሉ ትርፍ ነው። አማርኛው የሚመለከተው መቅረቱን ነው። እንግሊዝኛው ደግሞ የቀረው ነገር ለማን ምን እንደሚያደርግ ይመለከታል። «ሰርፕለስ» ቀሪው ሀብት እንደ ሆነ ይናገራል፤ ሊሸጥ፣ ሊከማች፣ ሊከፋፈል ይችላል። «ስፔር» ለክፉ ቀን የተቀመጠ መሆኑን ይናገራል። «ኤክስትራ» ከተመደበው ላይ የተጨመረ መሆኑን ብቻ ይናገራል። «ኤክሰስ» ልክ መታለፉን ይናገራል፤ «ኤክሰሲቭ» ደግሞ መታለፉ የሚነቀፍ መሆኑን ያክላል። «ሱፐርፍሉየስ» ጥቅም የለውም ይላል።

ከእነዚህ አብዛኞቹ ከላቲን የመጡ ናቸው፤ መነሻቸውም በዓይን ሊታይ የሚችል ሥዕል አለው። «ኤክሰስ» ከመስመር አልፎ መሄድ ነው። «ሱፐርፍሉየስ» ከአፉ በላይ የሚፈስ ነው። «አበንደንት»ና «ሪደንደንት» ሁለቱም «ማዕበል» ከሚለው ቃል የተገኙ ሲሆኑ፣ ማዕበሉ ለአንደኛው ምስጋና ለሁለተኛው ነቀፋ ሆኖ ቀርቷል። «ፕሌንቲ» ደግሞ «ሙሉ» ከሚለው የወጣ ስለ ሆነ እስከ አፉ መሙላቱን እንጂ መፍሰሱን አይናገርም። «ሞልቶ ፈሰሰ» የሚለውን የአማርኛ አነጋገር የሚያውቅ ተማሪ እነዚህን ሥዕሎች ቢነገሩት አይረሳቸውም።

ልዩነቱ የሕግና የአስተዳደር ጉዳይም ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 በአማርኛ «ትርፍ ቤት» ያለውን በእንግሊዝኛ «ኤክስትራ ሀውስስ» ብሎታል። አዋጁ አንድ ሰው ወይም ቤተሰብ ለመኖሪያ ከአንድ ቤት በላይ እንዳይኖረው ስለ ወሰነ፣ «ኤክስትራ» የሚለው ቃል ለሥራው የተስማማ ነበር፤ የሚቈጠረው ከአንዱ በላይ መሆኑ እንጂ የቤቱ ስፋት ወይም የባለቤቱ ፍላጎት አልነበረም። በሌላ አገር ደግሞ እንግሊዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1915፣ ነጋዴዎች ከጦርነቱ በፊት ከሚያገኙት ልክ በላይ ባተረፉት ላይ ግብር ጣለች። የግብሩ ስም «ኤክሰስ ፕሮፊትስ ዲዩቲ» ነው። ይህን በሁለት ዓምዱ ዝርዝር የሚተረጕም ሰው «የትርፍ ትርፍ ቀረጥ» ብሎ ሊጽፍ ይገደዳል፤ አንባቢውም የትኛው ትርፍ ልክ፣ የትኛው ትርፍ ገንዘብ እንደ ሆነ አይለይም። «ከልክ ያለፈ የንግድ ትርፍ ግብር» ቢባል ግን ነገሩ ይገለጣል።

ለትምህርት ፕላን ባለሙያዎችም ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። «ሰርፕለስ» የተባሉ መምህራን ከአንድ ትምህርት ቤት ፍላጎት የተረፉና ወደ ሌላ ሊመደቡ የሚችሉ ናቸው። «ኤክስትራ» የተባሉት ተጨማሪ ሆነው የተላኩ ናቸው። «ሪደንደንት» የተባሉት ግን በእንግሊዝ የሥራ ሕግ አነጋገር የሥራ መደባቸው በመዘጋቱ የሚሰናበቱ ናቸው። ይኸው «ሪደንደንት» በመሐንዲሶች ዘንድ ደግሞ አንዱ ሲበላሽ ሌላው እንዲተካ ሆን ተብሎ የተደረበ ክፍል ማለት በመሆኑ የሚመሰገን ነው። አራቱንም «ትርፍ» ብሎ ያሳለፈ ተርጓሚ በሰው እንጀራ ላይ ሊፈርድ ይችላል።

የኬሚስትሪ ትምህርት ደግሞ ከሁሉ የተለየ ምሳሌ ይሰጣል። ኮፐር ሰልፌት በሚዘጋጅበት ጊዜ ኮፐር ኦክሳይድ በሞቀ ቀጭን የሰልፈሪክ አሲድ ላይ «ኢን ኤክሰስ» እንዲጨመር መመሪያው ያዛል። «ከመጠን በላይ ጨምሩ» ተብሎ ከተተረጐመ ተማሪው ትእዛዙ ጥፋት እንዲሠራ የሚያዝ ይመስለዋል፤ ጠንቃቃው ተማሪ ይቀንሳል፣ ደፋሩ ያለ ልክ ያፈሳል። ሁለቱም ስተዋል። የመመሪያው አሳብ አሲዱ ተሠርቶበት እንዲያልቅ ኦክሳይዱ ሳይሟሟ እስኪተርፍ ድረስ ይጨመር ነው፤ የተረፈውም በማጥለያ ይወገዳል። እዚህ ላይ «ኤክሰስ» ነቀፋ የለበትም፤ የሒሳብ ቃል ነው። በክብ ቍጥር 4 ግራም ሃይድሮጅን ከ32 ግራም ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ 36 ግራም ውሃ ይሰጣል። ኦክስጅኑ 40 ግራም ቢሆን 8 ግራሙ «ኢን ኤክሰስ» ይሆናል፤ ማለት ተጓዳኝ አጥቶ ይቀራል። «እስኪተርፍ ድረስ» የሚለው የአማርኛ ሐረግ ይህን አሳብ ሙሉ በሙሉ ይገልጻል። ስለዚህ «ትርፍ» የሚለው ፍች በደፈናው የሚወገዝ አይደለም፤ በቦታው ሲገባ ከማንኛውም ፍች ይበልጣል።

5. ስለ መዝገበ ቃላትና ስለ ማስተማሪያ ዘዴ

ከዚህ በላይ የተመለከቱት ምሳሌዎች የሚያስረዱት ጉድለቱ ከቋንቋዎቹ ሳይሆን ከዝርዝሩ አሠራር የመጣ መሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ሁለት ጠቃሚ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዛግብተ ቃላት ታትመዋል። አንደኛው አምሳሉ አክሊሉ ከጂ. ፒ. ሞስባክ ጋር ያዘጋጁት ሲሆን፣ ሁለተኛው ቮልፍ ሌስላው ያዘጋጁት ነው። የሌስላው ሥራ በርእሱም እንደሚያመለክተው ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ የሚፈታ ነው። እዚህ ጽሑፍ ላይ ለተነሡት ቃላት ይህ ዘዴ ይስማማል፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ሲተረጐም ልኩና የልኩ ባለቤት አብረው ይታያሉና። ከዚህም ቀደም ሲል ሆርንቢ እ.ኤ.አ. በ1942 በጃፓን ባሳተሙት የተማሪዎች የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የሚቈጠሩና የማይቈጠሩ ስሞችን በምልክት ለይተው ነበር። መሣሪያው ከተዘጋጀ ቈይቷል ማለት ነው። በደብተር ጠርዝ የሚጻፈው የአንድ ለአንድ ዝርዝር ግን ከእነዚህ ሥራዎች የወሰደው ነገር የለም።

ሌላው ሊተች የሚገባው መፍትሔ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛን ፈጽሞ መከልከል ነው። ክልከላው ተማሪው የእንግሊዝኛ ድምፅ እንዲሰማ ያግዛል። ነገር ግን «ቱ»ን ሲሰማ በልቡ «በጣም» የሚለውን ተማሪ ክልከላው አያገኘውም፤ ትርጕሙ ዝም ተብሎ ይደረግና ሳይታረም ይቀራል። በቃል የተነገረ የተሳሳተ ፍች በመምህሩ ሊታረም ይችላል፤ በልብ የተያዘ ግን እስከ ፈተናው ቀን ተደብቆ ይኖራል።

አማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆኑ ተማሪዎች ጉዳይም በፕላን አውጪዎች ዘንድ መታሰብ አለበት። ለእነርሱ የአማርኛው ፍች በሁለተኛ ቋንቋ የተሰጠ ፍች ነው። በዚህ ጽሑፍ ላይ «በዛበት»ን በመሰሉ ግሦች የተደረገው ማነጻጸር ለየቋንቋው ራሱን ችሎ ሊሠራ ይገባዋል እንጂ የአማርኛው ውጤት እንዳለ ተገልብጦ ሊሰጣቸው አይገባም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሂስ የሚገኙት ተግባራዊ አሳቦች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ብዛትንና ልክን የሚናገሩ ቃላት በዝርዝር ብቻቸውን እንዳይሰጡ፤ እያንዳንዱ ቃል ቢያንስ ከሁለት ዐረፍተ ነገሮች ጋር፣ አንዱ ልክ ያለፈበት፣ ሌላው ልክ ያላለፈበት ሆኖ ይቅረብ።

ሁለተኛ፣ የሳይንስና የማኅበራዊ ኑሮ ትምህርት መምህራን «ቱ መች»፣ «ኢን ኤክሰስ»፣ «ሰርፕለስ» የሚሉት ቃላት በመጽሐፋቸው ሲያጋጥሙ የእንግሊዝኛ መምህሩ ሥራ ነው ብለው አይለፏቸው። ልኩ ምን እንደ ሆነና ማን እንደ ወሰነው መግለጽ የትምህርቱ አካል ነው።

ሦስተኛ፣ ፈተና አዘጋጆች የቃሉን ፍች ከመጠየቅ ይልቅ የቃሉን ውጤት ይጠይቁ። «ቱ ማለት ምን ማለት ነው?» ከሚለው ይልቅ «ሰውዬው ተራመደ ወይስ አልተራመደም?» የሚለው ጥያቄ ማን እንደ ተረዳ ይለያል።

አራተኛ፣ አራሚዎች ትርጉምን የሚያጠፋውን ስሕተት አገባብን ብቻ ከሚያበላሸው ለይተው ነጥብ ይስጡ።

ከእነዚህ መካከል ተጨማሪ በጀት የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቁት መምህሩ ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀውን እንዲያስተውል ነው። በቤቱ ጨው የበዛበትን ወጥ ጨው ካለው ወጥ ለይቶ የሚናገር ልጅ የ«ቱ»ን አሳብ ይዞ ወደ ክፍል ገብቷል፤ በደብተሩ ጠርዝ ላይ የተጻፈው «በጣም» ይህን እውቀቱን እንዳይሸፍንበት መጠንቀቅ የመምህሩ ድርሻ ነው።